ጉርድ ፎቶውና ሰውየው፦ የአውቶካድ ሌይአውት ወደ ሞዴል ሲወጣ ምን ይሆናል?

ሜክሲኮ አካባቢ ትልልቅ ንድፍ ከሚያትሙት ፕሎተር ቤቶች አንዱ ውስጥ፣ በአውቶካድ (የሕንፃ ንድፍ በሚሳልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሠራሁትን በፍላሽ ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ። ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ፋይሉን ከፈተች፣ ማውሱን ሁለት ሦስቴ አንቀሳቀሰችና "ወንድሜ፣ ይሄ ሌይአውት ላይ ነው። ሞዴል ላይ አድርገህ አምጣልኝ" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ቀበል አደረገና "ቀላል ነው ባክህ! ሌይአውቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኤክስፖርት፣ አለቀ" አለ።

እውነቱን ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጣጣው የሚመጣው ፋይሉ ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን መሃል ከተማ ውስጥ ዞር ብትሉ ግንባታ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ከእያንዳንዱ ግንባታ ጀርባ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የአውቶካድ ፋይል አለ። አርክቴክቱ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ይልካል፣ መሐንዲሱ ለሳኒተሪና ለኤሌክትሪክ ሰዎች፣ እነሱ ለኮንትራክተሩ፣ ኮንትራክተሩ ለሰርቬየሩ፣ ማለትም ለመሬት ለኪው። ብዙው በቴሌግራም ነው የሚሄደው። በዚህ ጉዞ መሃል አንዱ "ሌይአውቱን ወደ ሞዴል አውጥቼ ልኬልሃለሁ" ካለ፣ ተቀባዩ ያ አረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። እኔ ሳላውቅ ዋጋ ከፍያለሁ፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

ሞዴል ምንድን ነው? ሌይአውትስ?

ሞዴል ዳርቻ የሌለው ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ነገሩን የምትስሉት በእውነተኛ ልኩ ነው። ፊት ለፊቱ 12 ሜትር የሆነ ቤት ከሆነ 12 ሜትር አድርጋችሁ ትስሉታላችሁ። ማሳነስ የለም፣ ማሳደግ የለም።

ሌይአውት ወረቀት ነው። ልኩም የወረቀት ልክ ነው። ኤ3 ከሆነ 420 በ297 ሚሊሜትር፣ ኤ1 ከሆነ 841 በ594 ሚሊሜትር። ዙሪያውን ፍሬሙ፣ ከጎኑ የፕሮጀክቱ ስምና የፊርማው ቦታ ያለበት ታይትል ብሎክ ይቀመጣል።

እንግዲህ 12 ሜትር ቤት ወረቀት ላይ አይገባም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መስኮት ትከፍታላችሁ። ይህ መስኮት ቪውፖርት ይባላል። በመስኮቱ ወደ ሜዳው ታያላችሁ፤ ከየት ርቀት እንደምታዩ የሚወስነው ስኬሉ ነው። አንድ ለመቶ ካላችሁ 12 ሜትሩ ወረቀቱ ላይ 120 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል።

ቁልፉ ነገር "ይታያል" የምትለዋ ቃል ናት። ቤቱ ወረቀቱ ላይ የለም። ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ተቀምጣችሁ በመስኮት የምታዩት አውቶብስ ሳሎናችሁ ውስጥ እንደሌለው ማለት ነው። መስኮቱን ብትዘጉት አውቶብሱ መንገዱን ይቀጥላል። ሌይአውት ላይ ያለውን ሁሉ መርጣችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ፋይል ላይ ፔስት ስታደርጉ ፍሬሙና ጽሑፉ ብቻ መጥቶ ቤቱ የማይመጣላችሁም ለዚህ ነው። የገለበጣችሁት የመስኮቱን ክፈፍ ነው። ውጭ ያለውን መንገድ አልገለበጣችሁም።

ለምን ሁለት ቦታ አስፈለገ?

አውቶካድ ለገበያ የቀረበው በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ለብቻው የመጣው ግን በ1990፣ ሪሊዝ 11 በሚባለው ቨርዥን ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ሌይአውት መደርደር የተቻለው ደግሞ ከአውቶካድ 2000 ጀምሮ ነው።

ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ሞዴል ላይ ነበር የሚሠራው። ቤቱ በልኩ ይሳላል፤ ከዚያ ፍሬሙ ቤቱን እንዲያቅፍ መቶ እጥፍ ተደርጎ ይነፋል። የኤ1 ፍሬም 84 ሜትር ከ10 ሳንቲም ርዝመት ይኖረዋል ማለት ነው። ወረቀት ላይ 3 ሚሊሜትር ቁመት እንዲኖረው የተፈለገ ፊደል 30 ሳንቲም ተደርጎ ይጻፋል። ስኬሉ ከተቀየረ ፊደሉም ፍሬሙም እንደገና ይሠራል። አድካሚ ነው።

ዛሬም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ብዙ ቢሮዎች አሉ። ስህተት ነው አልልም፣ በትክክል ከተሠራ ይታተማል። ግን አንዱ በሞዴል ብቻ፣ ሌላው በሌይአውት የሚሠራ ከሆነ ፋይል ሲለዋወጡ መጋጨታቸው አይቀርም። ፕሎተር ቤቷም ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ልጅቷ የለመደችው ሞዴል ላይ የሚታተመውን ቦታ ከልላ ማተም ነው፤ የኔ ፋይል ደግሞ ሌይአውት ላይ ነበር።

ኤክስፖርት ሲደረግ በትክክል ምን ይፈጠራል?

አሠራሩ አጭር ነው። የሚፈለገውን ሌይአውት ትከፍታላችሁ፣ ታቹ ላይ ያለውን ስሙን ራይት ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ ሌይአውትን ወደ ሞዴል ኤክስፖርት አድርግ የሚለውን ትመርጣላችሁ። መጻፍ የሚቀናችሁ ኤክስፖርትሌይአውት የሚለውን ትዕዛዝ መጻፍ ትችላላችሁ። ለአዲሱ ፋይል ስም ይጠይቃችኋል። ዋናው ፋይላችሁ አይነካም። አምስት ሌይአውት ካላችሁ አምስት ጊዜ ትደግሙታላችሁ፤ ምክንያቱም የሚያወጣው የተከፈተውን አንዱን ብቻ ነው።

አዲሱን ፋይል ስትከፍቱት ሁሉም ነገር ሞዴል ላይ አለ። ፍሬሙ አለ፣ ታይትል ብሎኩ አለ፣ በመስኮቱ ይታይ የነበረው ቤትም አለ። ዓይን አንድም ልዩነት አያይም። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው።

ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታችሁ ጉርድ ፎቶ ተነሥታችኋል እንበል። ፎቶው እናንተን ይመስላል። መልክ ለማሳየት፣ ፎርም ላይ ለመለጠፍ ከበቂ በላይ ነው። ግን ያንን ፎቶ ለልብስ ሰፊ ሰጥታችሁ "በዚህ ለክተህ ሱፍ ስፋልኝ" አትሉትም። ከወገብ በታች የለም። ትከሻውም ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ነገ ብትወፍሩ ደግሞ ፎቶው አብሯችሁ አይወፍርም።

ከሌይአውት የወጣው ፋይል የዚያ መስኮት ጉርድ ፎቶ ነው፤ ልዩነቱ በመስመር የተሠራ መሆኑ ነው። መስመሩን መምረጥ፣ ማጥፋት፣ ማንቀሳቀስ ስለሚቻል ሰው እንደ እውነተኛው ሞዴል ያየዋል። ፒዲኤፍ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር።

ልኩ ምን ይሆናል?

የወረቀት ልክ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቁጥር እንሥራ።

ወረቀቱ በሚሊሜትር ነው፣ ስኬሉ አንድ ለመቶ ነው፣ ቤቱ 12 ሜትር ነው እንበል። ከኤክስፖርት በኋላ የፊት ግድግዳውን ብትለኩት 120 ይላችኋል። ዋናው ፋይል በምን እንደተሳለ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። በሚሊሜትር ተስሎ ከነበረ ቁጥሩ 12000 ነበር፣ አሁን 120 ሆነ፤ መቶ እጥፍ አነሰ። በሴንቲሜትር ከነበረ ከ1200 ወደ 120 ወረደ፤ አሥር እጥፍ አነሰ። በሜትር ከነበረ ግን ከ12 ወደ 120 ወጣ፤ ጭራሽ አሥር እጥፍ አደገ!

የኔ ጉድ ይህ የመጨረሻው ነበር። የምንሠራው በሜትር ነበር። አንድ ጊዜ የፋውንዴሽን (የመሠረት) ፕላን በችኮላ ተጠየቅን። እኔም "ንጹህ ፋይል ልላክላቸው" ብዬ ሌይአውቱን ወደ ሞዴል አወጣሁና በቴሌግራም ላክሁ። ጧት ሰርቬየሩ ደወሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ስታዲየም?"

"ምነው ጋሼ?"

"ከኮለን ኮለን ሃምሳ ሜትር ይለኛል!"

ከምሰሶ ምሰሶ 5 ሜትር ነበር። ደግነቱ እሳቸው የሚያዩትን የሚያስቡ ሰው ናቸው። ሳቅንና አለፈ፤ ግን ግማሽ ቀን ሥራ ቆሟል፣ የቀን ሠራተኞቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውለዋል። ስህተቱ እንዲህ ግልጽ ባይሆን ኖሮስ? ይህን እስካሁን አስበዋለሁ።

"ታዲያ በስኬል ትዕዛዝ መልሶ ማስተካከል አይቻልም?" ትሉ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ከሆነ ይቻላል። በሜትር ለሚሠራ በ0.1 ማባዛት፣ በሴንቲሜትር ለሚሠራ በ10፣ በሚሊሜትር ለሚሠራ በ100፤ ይህ ለአንድ ለመቶ ነው። ግን ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መስኮት አለ። ፕላኑ በአንድ ለመቶ፣ የግድግዳው ዝርዝር ስዕል (ዲቴል) በአንድ ለሃያ። በሚሊሜትር የምትሠሩ ሁሉንም አፍሳችሁ በመቶ ካባዛችሁት ፕላኑ ይስተካከላል፤ ዲቴሉ ላይ ያለው ባለ 20 ሳንቲም ግድግዳ ግን 1 ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። ምክንያቱም በአንድ ለሃያ ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊሜትር ነበር፣ በመቶ ሲባዛ 1000 ሆነ። እያንዳንዱን ለይቶ ማባዛት ያስፈልጋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ የሳለው ሰው ነው።

ስዕሉ ላይ የተጻፉትን ልኮች፣ ዳይሜንሽኖቹንም አትመኑ። የተጻፈው ቁጥርና መስመሩን ስትለኩት የሚመጣው ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ። 5.00 ተብሎ የተጻፈበት መስመር ሲለካ 50 ቢሆን አይገርምም።

ኮኦርዲኔቱስ?

ኮኦርዲኔት የቦታው አድራሻ በቁጥር ነው። የእሱ መጥፋት ከልኩ ይብሳል፤ ምክንያቱም በስኬል አይድንም።

የይዞታ ካርታ አይታችሁ ከሆነ የቦታው ማዕዘኖች በቁጥር ተጽፈዋል። አዲስ አበባ መሃል ላይ ያሉት ቁጥሮች ወደ ምሥራቅ 472 ሺህ ምናምን፣ ወደ ሰሜን 997 ሺህ ምናምን አካባቢ ናቸው። አዲንዳን የሚባለው የልኬት ሥርዓት፣ ዞን 37 ውስጥ። ሰርቬየሩ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን መለኪያ መሣሪያ ተክሎ የኮለኑን መሃል መሬት ላይ የሚያገኘው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሳይት ፕላኑ ሞዴል ላይ በትክክለኛ ቦታው ከተቀመጠ እያንዳንዱ ኮለን የራሱ አድራሻ አለው።

ሌይአውቱ ሲወጣ አድራሻው ይጠፋል። ቤቱ አሁን የተቀመጠው በወረቀቱ ላይ ካለበት ቦታ ነው። ኤ1 ከሆነ ቁጥሮቹ በአብዛኛው ከዜሮ እስከ 841 ባለው ውስጥ ናቸው። ልደታ ያለው ቦታ በመቶ ሺዎች መሆኑ ቀርቶ 300 ሆነ። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ስዕሉ ወረቀቱ ላይ እንዲያምር ቪውፖርቱን አዙረን ቀጥ እናደርገዋለን። ሲወጣ ቤቱም ዞሮ ይወጣል፤ ሰሜኑ ሰሜን መሆኑ ያበቃል።

ሌላስ ምን ይቀራል?

በመስኮቱ የማይታይ ነገር አይወጣም። ሌየር ስዕሉ የሚደረደርበት ንብርብር ነው፤ ለዚያ መስኮት ብቻ ፍሪዝ የተደረገ፣ ማለትም የተደበቀ ሌየር ካለ አይመጣም። የኤሌክትሪክ ፕላኑ ላይ የሶፋና የአልጋውን ሌየር አጥፍታችሁ ከነበረ አዲሱ ፋይል ውስጥ ሶፋም አልጋም የለም።

መስኮቱ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ነገር በእውነት ተቆርጦ ይመጣል። ሞዴል ላይ 40 ሜትር የሆነው አጥር በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው 25 ሜትሩ ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ፋይል ላይ ቀሪው 15 ሜትር የለም። ብሎክ፣ ማለትም እንደ አንድ ዕቃ የታሰረ ስዕል የነበረው ነገር፣ ጠርዝ ላይ ያለ በር ወይም መኪና ለምሳሌ፣ ለመቁረጥ ሲባል ተበትኖ ተራ መስመር ሊሆን ይችላል። ከሌላ ፋይል ተያይዞ የነበረ ኤክስሬፍ ካለ ደግሞ ሥዕሉ የፋይሉ አካል ይሆናል፤ ከእናቱ ጋር ያለው ገመድ ይቆረጣል።

ዋናው ፋይልም እንደዚሁ ነው። ነገ ዋናው ላይ ደረጃውን ብታስተካክሉ የወጣው ፋይል አያውቅም። እንደገና ማውጣት ነው። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ አሮጌው ደረጃ በአንዱ ፋይል፣ አዲሱ በሌላው እየዞረ የሚከራከሩ ሰዎችን ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው እንዲህ ያለ ቅጂ ነው።

ታዲያ ለምን ይኖራል? ማን ይፈልገዋል?

እስካሁን ስወቅሰው ቆየሁ እንጂ ጠቃሚ ነገር ነው። ቦታው ላይ ከዋለ።

ሌይአውት የማያነቡ ፕሮግራሞችና ማሽኖች አሉ፤ ሞዴሉን ብቻ የሚከፍቱ። ለእነሱ የወረቀቱን ገጽታ ማሳየት ከፈለጋችሁ መንገዱ ይህ ነው። የጽሑፍ ሥራና የፍሬም ሥራ ሌይአውት ላይ ተሠርቶ ሁሉንም አንድ ላይ በመስመር መልክ የሚፈልግ ተባባሪ ቢሮም አለ። ሬቪት ከሚባለው ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ወደ አውቶካድ የወጣ ሺት (የንድፍ ገጽ) ሲደርሳችሁ ስዕሉ ሞዴል ላይ፣ ፍሬሙ ሌይአውት ላይ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ለማተም አንድ ላይ ማሰባሰብ ሲፈለግ ብዙ ሰው ይህንኑ ይጠቀማል።

እንዲሁም ሙሉውን ሥራ ሳትሰጡ የሚታየውን ብቻ መስጠት ስትፈልጉ። ደንበኛው ያልከፈለበት ሌላ ፎቅ ሞዴሉ ላይ አለ፤ እሱን ማሳየት አትፈልጉም። መስኮቱ የሚያሳየውን ብቻ ማውጣት ይህን ያደርግላችኋል።

ለማተም ብቻ ከሆነስ? ፒዲኤፍ። በቃ። እኔም ያን ዕለት ፕሎተር ቤቷ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት እሱን ነው። ከሌይአውቱ በአንድ ለአንድ ወደ ፒዲኤፍ አወጣሁ፣ ልጅቷ አተመችው፣ ሄድሁ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ትንሽ ቅር ብሎታል።

ለሚሠራበት ሰው፣ ማለትም ለሰርቬየሩ፣ ለስትራክቸሩ፣ ለሳኒተሪው፣ የሚሄደው ግን ዋናው ሞዴል ነው። ኤክስሬፍና ፎንት ካለው ኢትራንስሚት በሚባለው ትዕዛዝ አንድ ላይ ጠቅልሎ መላክ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ከወረቀቱ ወደ ሞዴሉ ማዛወር ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ ለምሳሌ በስህተት ሌይአውት ላይ የጻፋችሁትን የክፍል ስም፣ ቼንጅስፔስ የሚባል ትዕዛዝ አለ። እሱ ነገሩን በመስኮቱ ስኬል አባዝቶ፣ ሞዴሉ ላይ በትክክለኛ ቦታው ያስቀምጠዋል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ቼንጅስፔስ ዕቃውን ከሳሎን ወደ ግቢ ያወጣል። ኤክስፖርትሌይአውት የግቢውን ፎቶ አንሥቶ ሌላ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

የደረሰኝ ፋይል ጉርድ ፎቶ መሆኑን በምን ልወቅ?

በር ለኩ።

የመኝታ ቤት በር ብዙ ጊዜ 90 ሳንቲም ነው። በሜትር ተስሏል በተባለ ፋይል ላይ በሩ 0.9 ካልሆነ አንድ ነገር አለ። 9 ካለ ከአንድ ለመቶ ሌይአውት የወጣ ነው። 18 ካለ ከአንድ ለሃምሳ። እዚያው ላይ የወጣውን ቁጥር ከትክክለኛው ጋር አስተያይታችሁ በስንት ማባዛት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ አይዲ ብላችሁ ጻፉና የቦታውን አንድ ማዕዘን ንኩ። የሚመጣው ቁጥር ከካርታው ጋር ይገጥማል? መቶዎች ውስጥ ከሆነ አይገጥምም። ከዚያ የፋይሉን ስም ተመልከቱ። ሰው ካልቀየረው አውቶካድ ራሱ የዋናውን ፋይል ስም ጽፎ፣ ከኋላው የሌይአውቱን ስም ይቀጥልበታል። መጨረሻው ላይ "ሌይአውት 1" የሚል ጭራ ያለው ፋይል ከደረሳችሁ ላኪውን ዋናውን ጠይቁት።

ጋሼ አሁንም ፋይል ስልክላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ደውለው ሰላምታውን በወጉ ያደርሳሉ፣ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በሩን ለካሁት" ይሉኛል።